አክስቴ ዝናብ ላይ ያወጣችው ማዳበሪያ

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ቡና ያፈላ ቡናውን ይዞ ያንብባት።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ቤይሩት ወደብ ውስጥ አንድ መጋዘን ፈነዳ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከዳባት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር፣ አክስቴ ከመደብ ሥር የነበሩ ሁለት ከረጢት ማዳበሪያዎች ጎትታ አወጣችና ደጅ ዝናብ ላይ ጣለቻቸው።

ሁለቱን ነገር ያገናኛቸው ስልክ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ያን ዓመት ሊባኖስ በገንዘብ ቀውስ ተመትታ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይተናል። እሷ ግን ሥራዋ ላይ ነበረች። ፍንዳታው የምትሠራበትን ቤት መስታወት ሁሉ አራግፎ ክንዷን ቆራርጧት በሕይወት ተረፈች። ሌሊቱን ደውላ ደኅና መሆኗን ከተናገረች በኋላ እናቷ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ማዳበሪያ ነው አሉ እማ። የማዳበሪያ መጋዘን ነው የፈነዳው።»

«የቱ ማዳበሪያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ማዳበሪያ ነው የሚሉት።»

አክስቴ ሌሊቱን ሙሉ እሳቱንና ከረጢቶቹን ስታይ አደረች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ምድጃው ከመደቡ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። ሲነጋ ባሏ ወደ እርሻ ሲወጣ ጠብቃ ጎተተቻቸው። ጎረቤት ሊከለክላት ሲሞክር «ልጄን እዚያ ሊገድል የነበረ ነገር እዚህ ከእኔ ጋር አያድርም!» አለችው። በቃ፣ ማን ይመልሳታል።

የሐምሌን መጨረሻ የዳባት ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንደኛው ከረጢት አፉ የተፈታ ነበር፤ እስከ ማታ ግማሹ ሟሙቶ በደጁ ወርዷል። የባሰው ደግሞ ላሚቱ መጥታ ስትልሰው መድረሳቸው ነው። አባረሯት፣ ተረፈች። የዚያ ዓመት ስንዴያቸው ሁለተኛውን ማዳበሪያ በወጉ ሳያገኝ ቢጫ እንደሆነ አሸተ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ሳቄ የመጣው ከእውቀት አልነበረም፤ እኔም «የቱ ማዳበሪያ?» ብባል መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ የደረስኩበትንም ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «ማዳበሪያ» ብለን ስንት ነገር እንደምንጠራ አስቡት። ዳፕም ማዳበሪያ፣ ዩሪያም ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤስም ማዳበሪያ። ይባስ ብሎ ከረጢቱ ራሱ ማዳበሪያ ሆኗል! «አንድ ማዳበሪያ ገብስ ጭኜ መጣሁ» እንላለን፤ ልብሱን በማዳበሪያ ሸክፎ አገር የለቀቀ ስንት አለ። በፊት ጆንያ ነበር፣ ኬሻ ነበር። ይዘቱ መሬት ውስጥ ገብቶ ካለቀ በኋላ ስሙ ለመያዣው ቀረ። ገበሬው ደግሞ ለመለየት በቀለም ይጠራቸዋል፤ ዳፑን «ጥቁሩ»፣ ዩሪያውን «ነጩ»። ለእርሻ ሥራ ይሄ በቂ ነው። ጥቁሩ ሲዘራ፣ ነጩ ሲበቅል።

ችግሩ፣ በዓለም ላይ ሌላም ነጭ አለ። ቤይሩት የፈነዳው እሱ ነው፤ አሞኒየም ናይትሬት ይባላል። እንደ ዩሪያ ነጭ ፍሬ ፍሬ ነው፣ እንደ ዩሪያ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ እንደ ዩሪያ ሰብል ያሳምራል። እጃችሁ ላይ ቢደረግላችሁ አትለዩትም፤ እኔም አልለየውም። ልዩነቱ ውስጡ ነው። ዩሪያ በብዙ ሙቀት ይቀልጣል፣ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ጭስ ይሰጣል፣ እንጂ ለብቻው አይፈነዳም። አሞኒየም ናይትሬት ግን ኦክሲጅኑን በራሱ ውስጥ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። እሳት አየር ይፈልጋል አይደል? እኛ አገር እሳት ሲነሣ አፈር የምንጨምርበት፣ እርጥብ ቅጠል የምንደፋበት አየር ለመከልከል ነው። አሞኒየም ናይትሬት የተቀላቀለበት እሳት ግን ቢሸፈንም አየሩን ከራሱ ያወጣል። ታፍኖ ሲግል፣ በተለይ ናፍጣ ወይም ሌላ የሚነድ ነገር ከነካው፣ መንደዱን ትቶ በአንዴ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ፍንዳታ ማለት ይሄ ነው።

ይህን የሰው ልጅ የተማረው በደም ነው። ጀርመን አገር ኦፓው በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1921፣ የባስፍ ፋብሪካ ጎተራ ውስጥ ወደ 4,500 ቶን የሚጠጋ የአሞኒየም ሰልፌትና የአሞኒየም ናይትሬት ድብልቅ ተከምሮ ነበር። ክምሩ እንደ ድንጋይ ይደርቅባቸዋል። ታዲያ በምን ይፈረካከስ? በድማሚት! እየቦረቦሩ ትንሽ ትንሽ ድማሚት እየቀበሩ ያፈርሱት ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ወደ 20 ሺህ ጊዜ ያህል እንደዚያ ተደርጎ ምንም እንዳልሆነ ይገመታል። ያን ቀን ግን ሆነ። ከ500 በላይ ሰው አለቀ፣ ፋብሪካው በነበረበት ትልቅ ጉድጓድ ቀረ። (የሚገርመው፣ ልክ በ80 ዓመቱ፣ በዚያው መስከረም 21 ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳይ ቱሉዝ ውስጥ ሌላ የናይትሬት መጋዘን ፈንድቶ 31 ሰው ገደለ።)

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1947 ደግሞ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ። ግራንድካምፕ የምትባል መርከብ ወደ 2,300 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭናለች። ጦርነቱ አልቆ የአሜሪካ የፈንጂ ፋብሪካዎች ማዳበሪያ ማምረት ጀምረው ነበር፤ ጭነቱ በጦርነት ለተጎዳው የአውሮፓ ገበሬ የሚላክ ነው። ጠዋት ከጭነቱ ሥር ጭስ ታየ። ካፒቴኑ ውኃ አትጨምሩ፣ ጭነቱን ያበላሽብኛል አለ። ከዚያ ክዳኑን ዘግተው በእንፋሎት ሊያፍኑት ሞከሩ። አየር የማይፈልግ እሳት ታፈነ ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ መርከቧ ፈነዳች፤ ቢያንስ 581 ሰው ሞተ። ከከተማዋ 28 በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

«ካፒቴኑ ጭነቱን ለማትረፍ» የሚለው ላይ ቆም በሉልኝ። አክስቴ የሞከረችው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጭነቱን ለዝናብ ሰጥታ ቤቷን ለማትረፍ። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው አሞኒየም ናይትሬት ቢሆን ኖሮ ከካፒቴኑ ይልቅ የእሷ ሐሳብ ወደ እውነቱ ይቀርብ ነበር።

ወደ ቤይሩት ልመለስ። ሮሱስ የምትባል አሮጌ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2013 ከጆርጂያ ባቱሚ ወደብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭና ተነሣች። መድረሻዋ ሞዛምቢክ፣ ቤይራ ወደብ ነበር፤ ገዢው የፈንጂ ፋብሪካ። ማለትም ዜናው ሁሉ «ማዳበሪያ» ቢለውም ያ ጭነት ለእርሻ የታሰበ አልነበረም፤ ለማዕድን ማፈንጃ የተዘጋጀ ነው። መርከቧ ቤይሩት ላይ በዕዳና በብልሽት ተያዘች፣ ጭነቱ በ2014 ወደ 12 ቁጥር መጋዘን ገባ፣ ስድስት ዓመት ተኛ። የጉምሩክ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ፣ ፍርድ ቤት ደብዳቤ ተቀበለ፣ አንዱ ወደ ሌላው መራ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል የእኛም ልጆች አሉበት። 2,750 ቶን ማለት በእኛ አነጋገር 27,500 ኩንታል ነው። ትልቅ ነው፣ እኛ ጋር እንዲህ ያለ ክምር የት ይገኛል ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ትንሹን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2013 ቴክሳስ ውስጥ ዌስት በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አንድ የገበሬዎች ማዳበሪያ መደብር ተቃጠለና ፈነዳ። 15 ሰው ሞተ፣ 12ቱ እሳት ለማጥፋትና ለመርዳት የሮጡ ናቸው። የፈነዳው ወደ 30 ቶን ገደማ ነው፤ ወደ 300 ኩንታል ማለት ነው። መጋዘኑ ከእንጨት የተሠራ፣ ማዳበሪያውም በእንጨት ሣጥን የተከመረ ነበር፤ አጠገቡ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መኖሪያ ነበረ። 300 ኩንታል የአንድ ቀበሌ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የሚይዘው ነው። ደባርቅም፣ ዳባትም፣ አምባ ጊዮርጊስም እንዲህ ያለ መጋዘን አለ፤ አጠገቡም ቤት አለ፣ ሱቅ አለ፣ ልጆች ይጫወታሉ።

የናይትሬት ነገር ለስሜን እንግዳ አይደለም እኮ። ባሩድ ከሦስት ነገር ነው የሚሠራው፤ ከከሰል፣ ከድኝና ከናይትሬት ጨው። የናይትሬት ጨው ደግሞ ፍግና ሽንት ብዙ ዘመን ከተኛበት አፈር ታጥቦ ይወጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን ባሩድ በአገራችን ይቀመም ነበር፤ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምም በዘመኑ ከነበሩት መሳፍንት ይልቅ በጠመንጃ ብዛት የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ያም ጠመንጃ አላዳናቸውም፤ በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና ራሳቸው ባሠሩት ደረስጌ ማርያም ካሣ ኃይሉ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። አስቡት፣ ያ ባሩድ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ዛሬ በከረጢት ገዝተን ገብስ ላይ የምንበትነው አንድ ዘር ናቸው። የበረቱ አፈር መሬት ላይ ቢበተን እህል ነው፣ ከድኝና ከከሰል ጋር ቢወቀጥ ጥይት ነው።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን መንገድ በወረራው ዘመን የሠራው እሱ ነው። ያ ዓለት በዶማ ብቻ አልተቆረጠም፤ ድማሚት የሚለው ቃል ስሜን አፍ ውስጥ የገባው በዚያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ጣልያን በኋላ በዚያው በወልቀፊት በር ላይ መሽጎ ተከቦ፣ መስከረም 1934 ዓ.ም. ላይ እጁን ሰጠ። ዛሬም መንገድ ሲሠራ፣ ካባ ድንጋይ ሲፈነቀል ፈንጂ ይገባል፤ በዓለም ላይ ካባና ማዕድን የሚፈነቀልበት ፈንጂ ደግሞ አብዛኛው ከአሞኒየም ናይትሬት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ያኛው ነጭ አገራችን አይገባም ማለት ሞኝነት ነው። በሌላ በር፣ በሌላ ፈቃድ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው የሚገባው። የሚያሳስበኝ ሁለቱ በሮች አንድ መጋዘን ላይ የተገናኙ ቀን ነው።

የእርሻው በር እንዴት ተከፈተ? በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1959 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በየቦታው የማዳበሪያ ማሳያ ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን ስዊድኖች አርሲ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ካዱን፣ አቋቋሙ። ቀጥሎ በ1963 የእርሻ ሚኒስቴር «ኢፒድ» በሚባለው ክፍሉ «አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም» ብሎ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በአስፋልት ዳር ላለ ገበሬ ማድረስ ያዘ። አስፋልት ዳር የሚለውን ልብ በሉ፤ የስሜን ገበሬ ያኔ የት፣ አስፋልት የት! በደርግ ዘመን በ1976 የእርሻ ግብዓት አቅራቢ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ወደኛ በሰፊው የደረሰው ግን በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ከ1987 ጀምሮ በመጣው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ነው፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ወይና ደጋም ደጋም፣ ቀይ አፈርም ጥቁር አፈርም ሁሉም እኩል! ዝናብ ሲያጥር ማዳበሪያው አልሠራ ይላል፣ ዕዳው ግን ይሠራል። በሬውን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ የከፈለ ገበሬ ያላየ የዘመኔ ልጅ የለም። ከ2006 ገደማ ወዲህ ደግሞ የአፈር ካርታ ተጠንቶ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ለገበሬ የተመረጠው ናይትሮጅን ዩሪያ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ የናይትሬት ዘመድ የሆነውን፣ በኖራ ድንጋይ የተበረዘውን ካልሲየም አሞኒየም ናይትሬት በብዛት ትጠቀማለች። እኛ ጋር ዩሪያ የነገሠበት ምክንያት ለእኔ የሚታየኝ ሒሳብ ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ከ100 ኪሎ አሞኒየም ናይትሬት ግን ወደ 34 ኪሎ። ወደብ ለሌለው አገር፣ ከጅቡቲ በጋላፊ ገብቶ በሚሌ፣ በወልዲያ፣ በወረታ፣ በጎንደር አድርጎ ደባርቅ ለመድረስ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ከረጢት፣ ያ ልዩነት የነዳጅ ነው። እና ምን ልበላችሁ፣ ርቀታችንና ድህነታችን ሳናስበው ደኅንነት ገዝተውልናል። የአክስቴ ከረጢት ዩሪያ ነበር። መጋዘኖቻችንም ቤይሩት አይደሉም።

ይሄ ማለት ግን በሰላም እንተኛ ማለት አይደለም። የዩሪያ አደጋ ሌላ ነው፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። ከብት ጨው ሲመስለው ይልሰዋል፣ ይነፋል፣ ይወድቃል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሞት አለ። አክስቴ ፍንዳታን ስትሸሽ ላሟን ለሞት ልትዳርግ ነበር። ከረጢቱ ሳይታጠብ ዱቄት ይሞላበታል። በስሜን ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን፤ እንጨት አልቆ የምንማግደው ኩበት ነው። መሬቱ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ እሱን ለመተካት በብድር ማዳበሪያ ይገዛል፣ የተገዛው ማዳበሪያ ከተደረደረው ኩበት ጎን ይቀመጣል። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልላችን ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሲጮህ አይተናል። ከዚያ በኋላ ያገኘ ሰው ለከርሞም ይደብቃል። ሁለት ክረምት መደብ ሥር የከረመ ከረጢት ጽሑፉ ይጠፋል፣ ይዘቱ ይደርቃል፣ ምን እንደነበረ ባለቤቱም ይረሳዋል።

ሕጉስ? ስለ ማዳበሪያ ምርትና ንግድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 137/1991 አለን። የዚያን ዘመን ጭንቀት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ነጋዴ አሸዋ ቀላቀለብን፣ ከረጢቱ ጎደለ፣ ጥራቱ ወረደ ነበር የሁሉም ወሬ። አዋጁም የዚያ ጊዜ ልጅ ነው፤ ዳፕና ዩሪያን እያሰበ የተጻፈ ይመስለኛል። ሌላው ዓለም ግን ናይትሬትን ለብቻው ነጥሎ ነው የያዘው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአሞኒየም ናይትሬት ብቻ ደንብ አወጣች። አውሮፓ ኅብረት ከአሞኒየም ናይትሬት የሚመጣ ናይትሮጅኑ ከ16 በመቶ የበለጠውን ለተራ ሰው መሸጥ ገድቧል፤ ለገበሬ በማስረጃ ነው። አፍጋኒስታን እ.ኤ.አ. በ2010 ጭራሽ ከለከለችው፤ የከለከለችው ግን የጓዳ እሳት ፈርታ ሳይሆን መንገድ ዳር የሚቀበር ቦምብ ስለሆነባት ነው። እገዳ ሲበዛ ደግሞ የሚጎዳው ገበሬው መሆኑ አይቀርም፤ ጥርጣሬ የወደቀበት ከረጢት ኬላ ላይ ሲቆም ዝናብ አይጠብቅም።

«ይሄ ሁሉ ስለማንጠቀምበት ነገር ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ ይኖራል። ምክንያት አለኝ። በነሐሴ 2017 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈረሙ። እሰየው፤ የያዩን ፋብሪካ ስንጠብቅ አርጅተናልና ይሳካ። ስምምነቱ ግን ወደፊት ወደ አሞኒየም ናይትሬትና ካልሲየም አሞኒየም ናይትሬት ሊሰፋ እንደሚችልም ተነግሯል። ከሰፋ ያኛው ነጭ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ የቤት ልጅ ይሆናል። ያኔ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ዩሪያና አሞኒየም ናይትሬት ጎን ለጎን ይከመራሉ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ደግሞ እርጥበት ከአየር እየሳቡ ቀልጠው ጭቃ ይሆናሉ፤ ይህን ያልተነገረው መጋዘን ጠባቂ በምን ያውቃል? ሌላም አለ። አሞኒየም ናይትሬት 32 ዲግሪ ላይ የፍሬው ቅርጽ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ያንን እየዘለለ ሲመለስ ፍሬው እያበጠና እየተሰነጠቀ ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያ ይጋገራል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዷ ይጠብቃታል። ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማና አዲአርቃይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ግን በየቀኑ ነው 32ን ተሻግሮ የሚመለሰው። አንድ ደንብ ለደጋውም ለቆላውም አይሠራም፤ 100 ኪሎ በ100 ኪሎ ያልነው ጊዜ ይበቃናል።

መጋዘን ከመኖሪያ ጋር ሲጠጋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ቤይሩት ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ንጋት ላይ አዲስ አበባ ነፋስ ስልክ የነበረው የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ የሰፈሩ ሰው ተኝቶ ነበር። ብዙ ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ የሞተው እዚያ ነው። ያ ማዳበሪያ አልነበረም፤ ግን ያ ግምጃ ቤት ከሰው ቤት ጎን ሲቆም፣ ወይም ሰው ከጎኑ ቤት ሲሠራ፣ የጠየቀ አልነበረም። በእኛ ወረዳ ደግሞ፣ በ2013 መጨረሻ ጭና ላይ የሆነውን ካዩ በኋላ፣ ለሰዉ የፍንዳታ ድምፅ ተረት አይደለም። አክስቴ ስትፈራ ከምንም ተነሥታ አልፈራችም።

ለማኅበር መጋዘን ኃላፊዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለሾፌሮችም የምለው አለኝ። ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለገበሬው በአማርኛ አንብቡለት። «46» የሚል ዩሪያ ነው። «34» ወይም «33.5» ብሎ «ናይትሬት» የሚል ካያችሁ፣ ወይም መኪናው ላይ እሳት በክብ ላይ የተሣለበት፣ «5.1» የሚል ቢጫ ምልክት ካለ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ናፍጣ፣ ኩበት፣ ገለባ፣ ድኝ፣ ፀረ አረም መድኃኒት አጠገቡ አይድረስ። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፣ ግድግዳው አይንካው፣ አየር ይግባበት፣ ሲጋራ አይጨስ። እሳት ከነካውና ቡናማ ጭስ ካያችሁ አፈር አትጨምሩ፤ ገና ትንሽ ሳለ ብዙ ውኃ፣ ከገነፈለ ደግሞ ንብረት ሳትሉ ሰውን ይዛችሁ ሩጡ። ዌስት ላይ የሞቱት የቀረቡት ናቸው።

አክስቴ አሁን ከረጢቶቿን ከምድጃው ማዶ፣ ድንጋይና እንጨት ረብርባ ከመሬት ከፍ አድርጋ፣ ከብት በማይደርስበት ጥግ ነው የምታስቀምጠው። ልጇ ከቤይሩት ተመልሳ ዳባት ከተማ ሻይ ቤት ከፍታለች። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የከረጢቱን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ዘንድሮ የላከችው ትንሽ ደብዝዞ ነበር፤ አጉልቼ አየሁትና ደወልኩላት።

«46 ነው የሚለው፣ ዩሪያ ነው በያት።»

ከጀርባ የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ። «ጥቁሩስ? የጥቁሩንም ያንብባት እንጂ!»